ሽቦው ሁለት ሆኖ የታየ ቀን

በ2017 ዓ.ም.፣ በኅዳር፣ ዝናቡ አባርቶ ቡናው በቀላበት ሰሞን ነው። ሸቤ ውስጥ እጅ ያለው ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነበር። እኔ ቤት ቀርቻለሁ። ደረቴን ከብዶኝ ዳገት መውጣት አቅቶኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ወስደውኝ ልቤ ላይ ሽቦ አድርገውልኛል። ሐኪሞቹ ስቴንት ይሉታል። የጠበበውን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ ነው። ከቡና ፍሬ ጥቂት ይረዝማል፤ ጎኑ እንደ ቡና ማድረቂያ አልጋ ሽቦ የተጠላለፈ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ በዚያ ሽቦ ሁለት ዓመት ቡናዬን ለቅሜያለሁ፣ ሁለት ረመዷን ጾሜያለሁ። ጥቅምት ላይ ግን የድሮው ክብደት ተመለሰ። ሽቦው ተደፍኖ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ይህን ለማወቅ የነበረኝ መንገድ አዲስ አበባ ተመልሼ፣ በእጄ አንጓ በኩል እስከ ልቤ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ማስገባት ነበር። እሱን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለተኛ ማየት አልፈለግሁም።

ልጄ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ትኖራለች፤ ሥራዋ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ነው። እዚያው ሆስፒታል አዲስ ማሽን መምጣቱን የሰማችው እሷ ናት። ሲቲ ስካን ነው፤ ስፔክትራል የሚሉት ዓይነት። ምስሉን የሚያነበው ዶክተር ልባቸው ላይ ሽቦ ያላቸውን ሰዎች እየጠራ በዚያ ማሽን ያስነሣ ነበር፤ የሽቦው ምስል ምን ያህል እንደሚጠራ ለመመዘን።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አስቀምጦ አስረዳኝ። ቁጡ ነው ይሉታል። ለኔ ግን ታግሦ ነው የነገረኝ።

«እናቴ፣ አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ በቀትር አይተው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ዓይን ይወጋል፤ ሌላ ነገር አያሳይም። በተራው ማሽን ሽቦዎ እንደዚያ ነው የሚሆንብኝ። እሱ ያንጸባርቅና ውስጡ ክፍት ይሁን ዝግ አላይም። ይህኛው ግን ጨረሩን በሁለት ዓይነት ጉልበት ለይቶ ያነባል። ያኔ ነጸብራቁን ዝቅ አድርጌ የሽቦውን ውስጥ ማየት እችላለሁ። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ የዚህ አገር ሰው ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ አይንከራተትም።»

ለእያንዳንዱ ምስል ከአንድ እስከ አራት ነጥብ እንደሚሰጡም ነገረኝ። አራት ጥርት ያለው ነው። አንድ የማይነበበው።

«ማሽኑ ግን የሚሮጥ ልብ መያዝ አይችልም» አለ። «ልብዎ ረጋ ብሎ መምታት አለበት። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቡና የለም፣ ሻይ የለም፣ ጫት የለም።»

«ጫት አልቅምም።»

«ቡናውስ?»

«ለአንድ ቀን እችለዋለሁ» አልኩት።

አልቻልኩትም።

በቀጠሮዬ ዋዜማ ቀኑን ሙሉ ቡና አልቀመስኩም። ከሰዓት በኋላ ራሴን ይወጋኝ ጀመር። ሐራራው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቡና ሳልጠጣ የዋልኩት በጾም ብቻ ነው፤ በጾም ደግሞ አላህ ያግዛል። ያን ቀን እንደ ጾም አልቆጠርኩትም። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ይመስለኛል።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ ለመንገድ ስነሣ አዳዳ መጣች። አዳዳ የአባት እህት ማለት ነው። የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ ልጆቼ አዳዳ ስለሚሏት እኔም እንደነሱ እጠራታለሁ። በእጇ የእንጨት ገበቴ ይዛለች። ውስጡ ቡና ቀላ ነው። ጀንፈሉን፣ የደረቀውን የቡና ፍሬ፣ ከነገለፈቱ ጫፉን በጥርስ እየነከሱ በቅቤ ያበስሉታል፤ ከዚያ ቆርጥመው ይበሉታል። መንገድ ለሚወጣ፣ ለወለደች፣ ለታረቀ ሰው ይሠራል። ይመረቅበታል። የተሠራለት ሰው እምቢ አይልም።

ከቡና እንደተከለከልኩ ታውቃለች።

«ቡና የሚከለክል ሐኪም የየት አገር ሰው ነው?» አለችኝ።

«የኛው ነው። የሊሙ ልጅ ነው ይላሉ።»

«ይሄን እናቱ አልሰማችም።»

«አዳዳ፣ ለልቤ ብሎ እኮ ነው።»

«ልብ የሚጸናው በምርቃት ነው። ይሄ ደግሞ መጠጥ አይደለም፤ ጀበና አላየም። ያዢ።»

አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። በዚያ ዕድሜዋ በጨለማ ተነሥታ፣ ያንን ሁሉ ጀንፈል አንድ በአንድ በቀሩላት ጥርሶች ነክሳ የሠራችውን አልበላም ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። በላሁ።

ሁለተኛውን እፍኝ ግን ማንም አልሰጠኝም። አዳዳ ዓይኗን ጨፍና ዱዓ ስታደርግ ራሴ ከገበቴው ዘገንኩ። እሱ ለምርቃት አልነበረም። ለሐራራዬ ነበር። እሷ ለእኔ ጤና እየለመነች እኔ አጎንብሼ እቆረጥም ነበር።

ስትጨርስ ጣቷን በቅቤው ነክራ ግንባሬን ቀባችኝ። ቀጥላ የቀሚሴን አንገት ገለጥ አድርጋ በግራ ደረቴ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ሽቦው እዚህ ነው?»

«እዚያ ነው።»

እዚያም ቀባችኝ። «ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ» አለችኝ። በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ።

ሚኒባሱ ሸቤን ሳይለቅ ራስ ምታቴ ተወኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም ልጻፈው።

ልጄ ጅማ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ስታቅፈኝ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«እማ፣ ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ።»

«አዳዳ መረቀችኝ።»

«አንቺን ብቻ ነው ማሽኑንም?»

ሳቅን። ምን እንደተመረቀበት አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ምርመራው ቦታ አድርሳኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በማሽኑ ምስል የምታነሣው ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። ከሰሜን ነው የመጣችው፤ ጅማ ተምራ እዚሁ ቀርታለች። አንገቷ ላይ ማተብ አላት። ኦሮምኛ ብዙ አትችልም፤ በዕድሜ የገፋችውን ሴት ሁሉ ግን ሀርሜ ትላለች፣ እናቴ ማለት ነው። ለዚህ ማሽን ለብቻዋ ሥልጠና እንደወሰደች፣ በእሷ እጅ ከገባ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ እንደሆነ ካባ ስታለብሰኝ አወራችኝ። ስታወራ ደስ እያላት ነበር።

«ቡና አልጠጡም አይደል ሀርሜ?»

«አልጠጣሁም።»

ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

የልብ ምት የሚያነቡ ተለጣፊዎች ደረቴ ላይ ለማድረግ ስትሞክር የግራው አልያዝ አለ። ተንሸራተተ። በስፒሪት ጠረገችኝ። ደግማ ለጠፈች፤ ተንሸራተተ።

«ሀርሜ፣ ይሄ ቅባት ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው ልጄ። መርቀውኝ ነው።»

«እኛ ጋ በጠበል ነው፤ ቢያንስ ይደርቃል» አለች እየሳቀች። ሦስተኛ ጊዜ ጠርጋ ለጠፈችው።

ቁጥሩ ማሳያው ላይ ሲመጣ ሳቋ ቆመ። ሰማንያ ስምንት። የሚፈለገው ከስልሳ አምስት በታች ነው። ምቱን የሚያቀዘቅዝ ክኒን ሰጠችኝ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሰማንያ ሆነ። ሌላ ሰጠችኝ። እንደገና ጠበቅን። ሰባ አራት ላይ ቆመ። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሀርሜ፣ እርግጠኛ ነዎት? ትንሽም ብትሆን ቀምሰው ከሆነ ምንም አይደለም። ለነገ እናዞረዋለን። ማንም አይቆጣዎትም።»

የመናገሪያውን በር ከፍታ ሰጠችኝ። መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ።

እኔ ሸቤ ውስጥ በቃሌ የምታወቅ ሰው ነኝ። ቡና ስለቅም ያልበሰለ ከቀዩ ጋር ቀላቅዬ አላውቅም። ማስረከቢያው ላይ የሌላውን ጆንያ ዘርግፈው ያያሉ፤ የኔን ሳይፈቱ ይመዝኑታል። ያ ስም ነው የያዘኝ መሰለኝ። ያቺ ልጅ በኋላ ለሰው ብታወራ፣ አንዲት ሐጂ የሚመስሉ እናት ሆዳቸውን መግታት አቃታቸው ብትልስ ብዬ አሰብኩ።

«ወላሂ» አልኳት፣ «ቡና አልጠጣሁም።»

እውነት ነው፤ አልጠጣሁም። አፌ ያንን ቃል መርጦ ነው ያወጣው። ሃምሳ ዓመት ከቡና ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቢጠጣም ቢበላም ኃይሉ ያው እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አላህ የሚያየው የመረጥኩትን ቃል ሳይሆን የደበቅሁትን ነው። ልጅቷ ግን በማተቧ የምታምን ሰው ናት። ወላሂ ስል መሐላዬን እንደ ራሷ መሐላ ወሰደችው። ሌላ አልጠየቀችም።

«እንግዲያው ፍርሃት ነው» አለች። «አይፍሩ። እኔ አለሁ።»

ሌላ ታካሚ ደጅ እየጠበቀ ነበር። አስተኝታኝ ማቅለሚያውን መድኃኒት በክንዴ ለቀቀችው። ሰውነቴን ሙቀት ወረረው። ትንፋሽዎን ይያዙ የሚል ድምፅ መጣ። ያዝኩ። ያኔ ልቤ ዘለለ፤ ራሴ ሰማሁት።

ሲያልቅ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጠችኝ፤ መርፌው ክንዴ ላይ እንዳለ ግማሽ ሰዓት መቆየት ነበረብኝ። የማሽኑ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ዶክተሩ ሲገባ ሰማሁት።

«ሽቦው ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ» አለ። «አንድ ሽቦ ነው ያላቸው።»

«ልባቸው አልረጋልኝም ዶክተር። ክኒኑን ሁለቴ ሰጥቻለሁ።»

«ይሄ የልብ ምት መስመርስ ለምን ተቆረጠ?»

«ተለጣፊው ሸርተት ብሎ ይሆናል። ቅቤ ነበረባቸው፤ ጠርጌያለሁ።»

«በደንብ አልጠረግሽም። ቡና ጠይቀሻል?»

«ጠይቄያለሁ።»

«በደንብ ጠይቀሻል?»

ወላሂ ብለውልኛል ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። የማለ ሰው አሳልፋ አልሰጠችም።

«ጠይቄያለሁ» አለች ደግማ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ይሄ ምስል አንድ ነጥብ ነው የሚያገኘው፤ እሱም በዝቶለት። ነጸብራቁን ብቀንሰው ብጨምረው ምንም አይነበብም። ስለዚህ ወይ ማሽኑ ደካማ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ ወይ ያነሣችው ባለሙያ ሥራዋን አልሠራችም ብዬ እጽፋለሁ። የትኛውን ልጻፍ?»

«እኔን ይጻፉ» አለች።

«ከነገ ጀምሮ ተራው ራጅ ክፍል ትገቢያለሽ። የሽቦዎቹን ምስል ሌላ ሰው ያነሣል።»

በመጋረጃውና በበሩ መካከል ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። አልተነሣሁም።

ዶክተሩ ወደ እኔ መጣ። «እናቴ፣ ምስሉ ትንሽ አልጠራልንም። የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ማቅለሚያው ከሰውነትዎ ወጥቶ ኩላሊትዎ ሲያርፍ ሌላ ቀን እንደግመዋለን» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ቀጥላ ልጅቷ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። መርፌውን ቀስ ብላ አወጣችልኝ፤ በጥጥ ጫን አድርጋ ይዛ ቆየች።

«አመመዎት ሀርሜ?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ያ ቃል እንደዚያን ቀን አፌን ከብዶት አያውቅም።

ምስሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደገመ። ልቤ ስልሳ አንድ ነበር። ሽቦው አንድ ሆኖ ታየ፤ ውስጡም ክፍት ነው። ደረቴን ያከበደኝ የደም ማነስ ሆኖ ተገኘ፤ ክኒን ወስጄ ተሽሎኛል። ላዘነልኝ ጌታ ምስጋና ይግባው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት የሚያነብ ሰው ስለ ልቤ እንዳይጨነቅ ነው። እኔ መጻፍ የያዝኩት ስለዚያ አይደለም።

ያን ቀን ከምርመራው ልጄ ቤት ሰቶ ሰመሮ ሄጄ ውዱእ አደረግሁ። ዙሁርን ቆሜ ፋቲሓ ስጀምር የልጅቷ ድምፅ መጣብኝ። እኔን ይጻፉ። ሰላቱን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጨረስኩ፤ ሰገድኩ ማለት ግን ይከብደኛል። የአስር ሰላትም እንደዚያው ሆነ። ልጄ ከሥራ ስትገባ ቅጠል የመሰለ ፊቴን አይታ ደነገጠች። ሽቦው ተደፍኗል ያሉኝ መሰላት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁለተኛውን እፍኝ ጭምር።

ሰምታኝ ስትጨርስ ሳቅ አለች፤ ክፋት የለባትም፣ ልታቀልልኝ ብላ ነው።

«በቃ እማ፣ ይደግሙልሻል። በሚቀጥለው አዳዳን እኔ ጋ አምጥቼ አስሬ አስቀምጣታለሁ። አለቀ።»

«ልጅቷስ?»

«የቷ ልጅ?»

«ማሽኑን የወሰዱባት።»

«እሱ የሥራ ጉዳይ ነው፤ እነሱ ይነጋገራሉ። አሁን ሄደሽ ዋሽቼ ነበር ብትያቸው ምን ይሉሻል? እኔን እኮ እዚያ ያውቁኛል።»

አሳደግኳት፤ ይሉኝታውን ከኔ ነው የወሰደችው። የምትናገረው እኔ ጠዋት ያሰብኩትን ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ነው ያስጠላኝ።

መግሪብን ሰግጄ እዚያው መስገጃው ላይ ቀረሁ። አስተግፊሩላህ አልኩ፤ ብዙ ጊዜ አልኩ። ግን አላህን ይቅር በለኝ ማለት ቀላል ነው፤ አላህ ደጅ አያስጠናም። የበደልኩት ሰው በእግር ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ነው ያለው። እሷ ጋ ሳይደርሱ ወደ ላይ መለመን ባልበሰለው ላይ ቀይ ቡና አልብሶ ማስረከብ ሆኖ ታየኝ።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ ልጄን ሳልቀሰቅስ ወጣሁ። ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ሄድኩ፤ ቀስ እያልኩ፣ እየቆምኩ። ስደርስ ደጁ አልተከፈተም። ዘበኛው «ቀጠሮ አለዎት እናቴ?» አለኝ። «የለኝም፤ ቃል አለኝ» አልኩት። አግዳሚው ላይ አስቀመጠኝ። ከኔ በኋላ ሦስት ታካሚዎች መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዶክተሩ መጣ። ልጅቷ ቀድማው ገብታ ካባዋንና ደብተሯን ይዛ ወደ ራጅ ክፍሉ ልትሻገር ነበር። ሁለቱም ደጁ ላይ ሲገናኙ ተነሣሁ።

«ዶክተር፣ ትላንት ዋሽቻችኋለሁ» አልኩ። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ወጣ፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ዞር አሉ። «ጠዋት ቡና ቀላ በልቼ ነው የመጣሁት። ሁለት እፍኝ። ይቺ ልጅ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። ወላሂ ብዬ ካድኳት።»

ዶክተሩ አየኝ። ቀጥሎ ደረቴን አየ።

«ቅቤው» አለ። «እኔ የሊሙ ልጅ ነኝ፤ በቡና ቀላ ነው ያደግሁት። ቅቤ ነበረባቸው ስትለኝ ከምን የመጣ ቅቤ ነው ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።» ይህን ሲል እኔን አልነበረም የሚያየው፤ እሷን ነበር።

«ማሽኗን መልሱላት» አልኩት። «ሌላ የመጣሁበት የለኝም።»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «አውፍ በይኝ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።»

ምንም አይደለም አላለችኝም። ስላላለችኝ አመሰገንኳት፤ ምንም ያልሆነ ነገር አልነበረማ። ማተቧን በጣቷ ይዛ፣ «እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን ሀርሜ» አለች።

«የትላንቱን ፎርም አምጪ» አላት ዶክተሩ። «ካባሽንም እዚያ ክፍል አትውሰጂው።»

አመጣችው። ቡና፦ አልጠጡም የሚለው በእሷ እጅ ተጽፏል። በአንድ መስመር ሰረዘችውና እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ቡና ቀላ በልተዋል፣ ሁለት እፍኝ ብለሽ ጻፊ» አልኳት። «ሲጠየቁ ክደዋል በይበት።»

የመጀመሪያውን ጻፈች። የኋለኛውን አልጻፈችም። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ራሴ ጻፍኩት፤ ከሥሩም ፈረምኩ።